ከቮላኖው ሥር

ሞተሩ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሠፈር ካለው ጋራዤ የደረሰው ጳጉሜን 2012 ዓ.ም. ላይ፣ በአሮጌ ቦክስ መኪና ተጭኖ፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ነው። ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ የጃፓን ሥሪት፣ ክዳኑ በፀሐይ የነጣ፣ ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተር። አብረውት ባለቤቱ ሐጁና ጀልባውን የሚነዳው ወጣት ሬይስ ወረዱ። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክቷቸዋል። የመጡት ከሸጊላብ ነው፤ ከካርቱም በስተደቡብ፣ ነጭ ዓባይ ዳር ካለው መንደር።

የሱዳን ሰው ሰላምታው ረጅም ነው። የቤተሰቡን፣ የጤናውን፣ የሥራውን ነገር አንድ በአንድ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ሐጁ ግን ያን ዕለት ሰላምታውን በግማሽ አቋረጡት።

«ባሽሙሃንዲስ፣ ጠዋት በአንድ ሳብታ ይነሣል። ሰው ጭነን ወንዙ መሀል ስንደርስ ይሞታል። ባትሪውም አይሞላም። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ያው ነው። ትናንት ማታ ሴቶችና ሕፃናት ተሳፍረው ነው የሞተብን።»

ሬይሱ ቀጠለ። ውኃው እየገፋቸው በግማሹ የሰመጠ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ገመድ ጥለው ነው የተረፉት። እጁ ላይ ገመዱ የበላው ቦታ ገና ቀይ ነበር።

በዚያ ክረምት ካርቱም የነበረ ሰው አይረሳውም። ጥቁር ዓባይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ወጥቶ ነበር፤ መለካት ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሆነው እንዲህ ያለ ከፍታ ተመዝግቦ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ የሚያነሷቸው፣ በፈረንጆቹ 1946 እና 1988 የደረሱት ጎርፎች ሁሉ ተበለጡ። በነሐሴ መጨረሻ መንግሥት የ3 ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በመላ አገሪቱ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ሸጊላብ ያለችው ነጭ ዓባይ ዳር ነው፤ ነገር ግን ጥቁር ዓባይ ሲሞላ ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት በሞግረን ላይ የነጩን መውጫ ይይዝበታል፣ ነጩም ወደ ኋላ ተመልሶ በደቡብ ያሉትን መንደሮች ይተኛባቸዋል። ላማብም ከላክላም እንዲሁ ሆኑ። በቱቲ ደሴት ሰዎቹ የአባቶቻቸውን ልማድ ይዘው፣ ታያ የሚሉትን የሌሊት ጥበቃ ዘርግተው፣ ዳሩን በአሸዋ ከረጢት እየደገፉ ያድሩ ነበር። ሳሃፋ ከወንዝ የራቀ በመሆኑ ደረቅ ነበር። ከዘልጡ መንገድ ግራና ቀኝ ባለ ሦስት እግሩ ራክሻ ይሯሯጥ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ እንጀራቸውን ይጋግሩ ነበር፤ ነገር ግን በየግቢው ከወንዝ ዳር የሸሸ ዘመድ ያልተጠጋበት ቤት ጥቂት ነበር።

ሐጁ አገሬን ሲጠይቁኝ «ባሕር ዳር» አልኳቸው። «እንግዲህ ውኃውን የላካችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሞተሩንም እናንተ ሥሩልን» አሉኝ። የሕዳሴ ግድብ ሐምሌ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ይዞ ስለ ነበር በየሻይ ቤቱ ወሬው ሁሉ እሱ ነበር። የሐጁ አነጋገር ግን ክፋት አልነበረበትም።

እውነትም የጀልባ ሞተር የተማርኩት ባሕር ዳር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኡርክ የምትባለው የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ክርስቲያኖች ረድተው ጣና ላይ በሞተር ጀልባ ዓሣ ማስገር ተጀመረ። ከዚያ በፊት አጥማጁ የሚወጣው በደንገል ታንኳ ነበር። ሞተሮቹ ሲያረጁ መለዋወጫ አልነበረም፤ ስለዚህ ጋሼ የምንለው የጋራዡ ኃላፊ አንድ ነገር አጥብቆ አስተማረን። ሳትለካ ምንም ዕቃ አትቀይር።

ሐጁ ሁለት ቦታ አሳይተው ነበር። አንደኛው ካንዴላ ቀይሮ፣ ካርቡራተር አጥቦ መለሰላቸው። ሁለተኛው ባትሪ ሸጠላቸው፤ አልቀና ሲል ደግሞ ሲዲአይ ቦክሱ ተቃጥሏልና ከዱባይ ይምጣ አለ። በዚያ ዓመት የሱዳን ፓውንድ ጠዋትና ማታ ዋጋው ይለያያል፤ ቤንዚን የሚገኘው ረጅም ሰልፍ ተይዞ ነው። በዚህ ላይ ቤቱ ውኃ ውስጥ ላለ ሰው በግምት ዕቃ ማስገዛት ግፍ ነው። ዛሬም እንዲሁ አስባለሁ። ሁለቱም ሜትር አላወጡም። ሁለቱም የፈተኑት ሞተሩ በርዶ ሳለ ነው፤ በርዶ ሳለ ደግሞ ምንም ነውር የለበትም።

«ባትሪውን አውርዱት» አልኩ።

«ያለ ባትሪ?» አሉ ሐጁ።

«ያለ ባትሪ።»

ወደ ባትሪ መሙያው የሚሄዱትን አረንጓዴ ሽቦዎች ከሬክቲፋየሩ ነቀልኩና ሞተሩን ውኃ የተሞላ በርሜል ውስጥ በቋሚ እንጨት ላይ አሰርኩት። ሬይሱ ገመዱን ሳበ፣ ተነሣ። ሐጁ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ቀን በፊት የሞተሩ ነፍስ ባትሪው እንደ ሆነ ነበር የሚያምኑት፤ ሁለቱ ብልሽቶች በአንድ ሳምንት ስለ መጡ አንደኛውን ከሌላኛው አያይዘውት ነበር።

ከቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ መዘውር፣ ሥር ሁለት ዓይነት ቦቢና (የሽቦ ጥቅል) አለ። አንደኛው በቀጭን ሽቦ ብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመ ነው፤ ቮላኖው ውስጥ የተተከሉት ማግኔቶች በአጠገቡ ሲያልፉ መቶና ከዚያ በላይ ቮልት ያመነጫል፣ ሲዲአይ ቦክሱን ይመግባል። ቦክሱ ያንን በኮንደንሰር ውስጥ ያጠራቅማል፤ ፐልሰር የሚባለው ትንሽ ቦቢና «አሁን» ሲለው በአንድ ጊዜ ወደ ካንዴላ ቦቢናው ይለቀዋል፣ እዚያ አሥር ሺህዎች ቮልት ሆኖ በካንዴላው ጫፍ ይዘላል። ሁለተኛው ዓይነት ቦቢና በወፍራም ሽቦ ጥቂት ዙር የተጠመጠመ ነው። የሱ ሥራ መብራትና ባትሪ ብቻ ነው፤ ኮረንቲው በሬክቲፋየር አልፎ ቀጥተኛ ይሆንና ወደ ባትሪው ይገባል። ሁለቱ በአንድ ሖሽ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ እንደሚኖሩ ሁለት ተከራዮች ናቸው፤ ጣሪያ እንጂ ማጀት አይጋሩም። በገመድ የሚነሣ አሮጌ ሞተር ባትሪ ባይኖረውም ዓባይን ይሻገራል።

ስለዚህ ጉዳዩን ለሁለት ከፈልኩት፣ መጀመሪያ የእሳቱን ያዝኩ።

በርሜሉ ውስጥ እንዲሠራ ተውነው። የጭሱ ብዛት ግቢውን ሸፈነው፤ ጎረቤት ቡና የምትሸጠው እትዬ ጀበናዋን አንሥታ ከአጥሩ ውጭ ወጣች። ጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ነበር። የበርሜሉ ውኃ ትኩስ ሲሆን፣ የሞተሩ ድምፅ አንድ ጊዜ ተቆራረጠና ቀጥ አለ። ከእንጨት ቁራጭና ከሚስማር የሠራሁት መሞከሪያ አለኝ፤ በሚስማሮቹ ጫፎች መካከል 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። ይህን የሚዘል ሰማያዊ እሳት ጤነኛ ነው፤ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ከናካቴው ካልመጣ ሕመም አለ። በሁለቱም የካንዴላ ሽቦዎች ላይ ሰክቼ፣ በደንብ ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝቼ ገመዱን አሳብኩ። (ይህን ግንኙነት ሳያረጋግጡ ገመድ መሳብ ቦክሱን ሊያቃጥል ይችላል፤ ይህን ለሬይሱ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።) በሁለቱም በኩል ምንም አልመጣም።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ መሞታቸው ብዙ ነገር ይናገራል። ሁለት ካንዴላ በአንድ ሰከንድ አይበላሽም። ይህ ሞተር ለየሲሊንደሩ የራሱ ካንዴላ ቦቢና አለው፣ ሁለቱም አብረው አይሞቱም። በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ነው፤ የማጥፊያው መስመር፣ መጋቢው ቦቢና ወይም ቦክሱ።

ከማጥፊያው ጀመርኩ፤ ምክንያቱም ምንም ወጪ የለውም። የማጥፊያው ቁልፍ ሥራው ነጩን ሽቦ ከአካሉ ጋር አገናኝቶ ቦክሱን ዝም ማሰኘት ነው። ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ከብረት ከተነካካ ወይም ቁልፉ ውስጥ ውኃ ከገባ፣ ሞተሩ ማንም ሳያጠፋው ይጠፋል። ብዙ አሮጌ ሞተር ተጥሎ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ነጩን ሽቦ ነቅዬ እንደገና አስነሣነው። ሲግል አሁንም ሞተ። ከሦስቱ አንዱ ወጣ።

መጋቢውን ቦቢና ለመለካት የገበያው ሜትር ብቻውን አይበቃም፤ ኮረንቲው የሚመጣው በአጭር በአጭሩ ስለ ሆነ ሜትሩ ሳይይዘው ያልፋል። የፋብሪካው መለኪያ በዚያን ጊዜ ካርቱም አይገኝም ነበር፤ ስለዚህ ከተበላሸ ቴሌቪዥን አውጥቼ ራሴ ሠርቻለሁ። አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ አንድ የ1 ማይክሮፋራድ የ400 ቮልት ኮንደንሰር፣ ኮንደንሰሩን ቀስ እያለ የሚያራግፍ የ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር። ዳዮዱ ጫፉን ያስገባል፣ ኮንደንሰሩ ይይዘዋል፣ ሜትሩ ያነበዋል። ሞተሩ በርዶ ሳለ በገመድ ሲሳብ ከ120 ቮልት በላይ ሰጠኝ። ግሎ እንደሞተ ቦቢናውን ከቦክሱ ነጥዬ ስለካው ከ20 በታች ወረደ። ቦክሱ ንጹሕ ነበር፤ የሚበላው አጥቶ ነው። ሐጁ ከዱባይ ሊያስመጡት የነበረው ዕቃ ቢመጣ ኖሮ ሞተሩ ወንዙ መሀል ዳግም ይሞትባቸው ነበር።

ቮላኖውን ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። በመዶሻ የሚደበድቡት ሰዎች አሉ፤ ማግኔቱ ይሰነጠቃል፣ ሻፍቱም ይጎዳል። ሦስት ብሎን ያለው መንቀያ በቶርኖ ቤት አሠርቼ ነበር። በሱ ወጥሬ፣ የመንቀያውን ራስ አንድ ጊዜ መታ ሳደርገው ቮላኖው ጓ ብሎ ለቀቀ። ቮላኖውን በሻፍቱ ላይ በቦታው የምትይዘውን ትንሽ ብረት፣ ቺያቬታዋን፣ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ፤ እሷ ከጠፋች ወይም ከተላጨች ሞተሩ እሳቱን በተሳሳተ ጊዜ ይሰጣል።

ከሥሩ ደለል ወጣ። ቡናማ፣ በጣት ሲያሹት የሚለሰልስ፣ ከደጋው የወረደ አፈር። መጋቢው ቦቢና ላይ ቫርኒሹ ተሰነጣጥቋል፣ ደለሉ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እርጥበት ይዟል። የሜትሩን ጫፎች አስይዤ አምፖል አስጠጋሁለት። ኦሙ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ቀጥሎ መወዛወዝ ጀመረ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። አምፖሉን ሳርቀው ተመለሰ። ሬይሱ ጎንበስ ብሎ አራት ዓይን ሆኖ ሲያይ ነበር፤ «ታዲያ ይሄ ነው ሊያሰምጠን የነበረው?» አለ። ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል፤ ሲበርድ ጫፎቹ ይነካካሉ፣ ሲግል ይለያያሉ።

በካርቱም የኢንዱስትሪ ሠፈር የቬንትሌተርና የውኃ ፓምፕ ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቦቢናውን ወሰድኩላቸው። አሮጌውን ሽቦ ሲፈቱ ዙሩን ይቆጥራሉ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ በዚያ ሰዓት ማንም አያናግራቸውም። ሺው በሞላ ቁጥር በግድግዳው ላይ በኖራ አንድ መስመር ያሰምራሉ። የብጥሱ ቦታ ከሥር፣ ብረቱ አጠገብ ነበር። የጥቅሉን አቅጣጫ አስቀድሜ በወረቀት ሥዬው ስለ ነበር አሳየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁና ፀጉር የመሰለውን አዲስ ሽቦ በመብራት ሳይሆን በእጅ በሚዞር መሣሪያ ጀመሩ፤ መብራት በየሰዓቱ ስለሚጠፋ። ቫርኒሽ ካጠጡት በኋላ ለማድረቅ ጎረቤታቸው ያለው ዳቦ ቤት ወሰድነው። ዳቦው ወጥቶ እሳቱ ሲበርድ በተረፈው ሙቀት ከምድጃው አፍ ላይ አሳደርነው።

ሒሳብ ስጠይቃቸው የማን ሞተር እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ሸጊላብ ስላቸው ብሩን መለሱልኝ። «ነፊር ነው» አሉ። ነፊር እንደኛ ደቦ ነው፤ በ2005 ክረምት ጎርፍ ጊዜም የካርቱም ወጣቶች በዚሁ ስም ተሰባስበው ከቤት ወደ ቤት ሲረዱ አይቻለሁ።

እኚያን ሰው ከሱዳን ጦርነት ወዲህ አላየኋቸውም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ተኩሱ ሲጀመር ለእኛ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ሳሃፋ የነበርን ሐበሾች ለፋሲካ ዶሮና ቅቤ ገዝተን ነበር። በሚቀጥሉት ሳምንታት ብዙዎቻችን በገላባትና በመተማ በኩል አገራችን ገባን። መሣሪያዬን ትቼ ስወጣ ሜትሬንና ያቺን ከቴሌቪዥን የሠራኋትን መለኪያ ግን ይዣለሁ።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። የባትሪው ነገር ቀርቶ ነበር፤ ሐጁም እሳቱ ከተገኘ ባትሪው ይቅር ብለው ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ሸጊላብ መብራት ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ጀልባዋ ማታ የምትሠራው በባትሪ መብራት ነው፣ ውስጧ የሚገባውን ውኃ የሚያወጣው ፓምፕም በባትሪ ነው፣ የመንደሩ ሰው ስልኩን የሚሞላውም ከዚያው ነው። በዚያ ላይ አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር፤ የመብራቱ ቦቢና ሽቦዎች ጠቁረዋል።

የመብራቱን ቦቢና ስለካው ከአንድ ኦም በታች ነው፤ እንዲህ ነው መሆን ያለበት፤ ከአካሉም ጋር አይነካካም። ሬክቲፋየሩን ያዝኩ። አራት ዳዮዶች አሉት፤ እያንዳንዱ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ አለበት። አንደኛው በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል፣ ሌላኛው ከናካቴው አያሳልፍም። እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰር ነው፤ ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ ጋር ለአንድ ቅጽበት ከተገናኘ ይበቃል። ሞተሩ መሞት ከመጀመሩ በፊት የድሮውን ባትሪ ያሰረው ሰው እንዲህ አድርጎ እንደ ነበር ሬይሱ አስታወሰ፤ «ብልጭ ብሎ ነበር» አለ። ሁለቱን አቅጣጫ የሚያሳልፈው ዳዮድ የመብራቱን ቦቢና ያለ ዕረፍት ያስሠራዋል፤ ቦቢናው ይግላል፣ ሙቀቱ ከጎኑ ላለው መጋቢ ይተርፋል። ተከራዮቹ ማጀት ባይጋሩም የአንዱ ምድጃ የሌላውን ግድግዳ ያሞቃል። መጋቢው ቦቢና አስቀድሞ በዕድሜው ተሰንጥቆ ነበር፤ ያ ሙቀት ግን ቀኑን ያፋጠነው ይመስለኛል። ባትሪውን ይቅር ብለን መጋቢውን ብቻ ቀይረን ብንለቀው፣ አዲሱም ጥቅል ብዙ አይቆይም ነበር።

የፋብሪካው ሬክቲፋየር አልተገኘም። የብየዳ መሣሪያ ከሚጠግን ሱቅ ኬቢፒሲ3510 የሚባል ባለ 35 አምፔር ብሪጅ ገዛሁ፤ ዋጋው ከአንድ ጥንድ ካንዴላ አይበልጥም። በአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ በብሎን አሰርኩት፣ አረንጓዴዎቹን ሽቦዎች በሁለቱ የተለዋዋጭ ኮረንቲ ጫፎች፣ ቀዩን በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቩ። ቀዩ ላይ ፊውዝ ጨመርኩ፤ ከፋብሪካው አልነበረውም። ሞተሩ ተነሣ። ባትሪው 12.3 ቮልት ነበር፤ ጋዝ ሲሰጥ ሜትሩ 13 አለፈ፣ 14 ቮልት አካባቢ ደርሶ ቆመ። የበርሜሉ ውኃ ትኩስ እስኪሆን ድረስ አቆየነው። አልሞተም።

ጳጉሜን 5 ቀን ማታ አብሬያቸው ሸጊላብ ሄድኩ። ውኃው መንገዱ ላይ ስለ ነበር ጀልባዋ የታሰረችው በአንድ ሱቅ በር እጀታ ላይ ነው። ሬይሱ ሞተሩን ሰቀለ፣ አንድ ጊዜ ሳበ። በአጥሮች መካከል ቀስ ብለን ወጣን፤ ከሥራችን የአልጋ እግር፣ የበር መቃን፣ የሰመጠ ጋሪ ይነካናል። መጀመሪያ የወጡት ሁለት አሮጊቶችና ፍየሎቻቸው ነበሩ። ቀጥሎ ፍራሽ፣ ቀጥሎ አንድ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በላስቲክ ይዞ። ዐይኔ ከሜትሩ አልተነሣም። ሬይሱ ደግሞ ጆሮው ሞተሩ ላይ ነበር፤ ያ የቆራረጠ ድምፅ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። በየምልልሱ ክዳኑን ከፍተን ቦቢናውን በመዳፋችን እንዳስሰዋለን። ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ሬይሱ መዳሰሱን ተወ።

በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነበር። ሳሃፋ ስመለስ እትዬ ቄጠማዋን ጎዝጉዛ ቡና ታፈላለች፤ ሐጁ ደግሞ ያን ቦክስ መኪና በራችን ላይ አቁመውታል። ጭነቱ ላይ ሌሎች ሁለት ሞተሮች ነበሩ፣ ከላማብ የመጡ። አንደኛው ሲዲአይ ያልመጣበት ዘመን፣ በፑንቲና፣ ማለትም በሚከፈትና በሚዘጋ መገናኛ፣ የሚሠራ ነበር። በቮላኖው መስኮት ገልጬ አየሁት፤ የፑንቲናው ፊት ጠቁሮ ጎድጉዷል፣ ኮንደንሰሩ ደክሟል ማለት ነው። ካቻቪቴና የብርጭቆ ወረቀት አመጣሁ፣ ፑንቲናውን ጠርጌ ክፍተቱን ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር መለስኩት፣ ኮንደንሰር እንዲያፈላልግ ሬይሱን ወደ ገበያ ላክሁት፣ በርሜሉን እንደገና ሞላሁ።